የቤት ዕቃ ጥገና ሱቅ በጎንደር፦ ዕቃን ከመረከብ እስከ ማስረከብ

ይህ መመሪያ የተጻፈው ምጣድ፣ ምድጃ፣ ካውያ፣ ፍሪጅና የልብስ ማጠቢያ ማሽን መጠገን ለሚያውቅ፣ ነገር ግን የራሱን ሱቅ ከፍቶ ከደንበኛ ጋር ፊት ለፊት ሲገናኝ ገንዘቡም ስሙም ለምን እንደማይበረክትለት ግራ ለገባው ባለሙያ ነው። በዚህ ሥራ ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት ካየኋቸው ጭቅጭቆች ውስጥ በእጅ ሥራ ጉድለት የተነሡት ጥቂቶች ናቸው። የሚበዙት ዕቃው ሱቅ በገባበት ዕለት ሳይነገር ወይም ሳይጻፍ ከቀረ ነገር የመጡ ናቸው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ጽሑፍ ከጥገናው ጠረጴዛ ይልቅ ወደ መረከቢያው ጠረጴዛ ያጋደለ ቢሆን አንባቢ አይገረም።

1. ከመክፈት በፊት

ሱቁ የሚከፈትበት ሰፈር የሚመጣውን የዕቃ ዓይነት ይወስናል። ፒያሳና አራዳ አካባቢ እግረኛ ስለሚበዛ ካውያ፣ የውሃ ማፍያና የቡና መፍጫ የመሳሰሉ በእጅ ተይዘው የሚመጡ ዕቃዎች ይበዛሉ፤ ኪራዩም በዚያው ልክ ይከብዳል። ማራኪ አካባቢ የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ተከራይተው ስለሚኖሩ ትንንሽ ምድጃዎች ይመጣሉ፤ ሰኔ ላይ ግን ተማሪው ሲበተን ሥራው ይቀዘቅዛል። አዘዞ ከመሀል ከተማ ራቅ ያለ ስለሆነ ለአንድ ካውያ ብሎ ፒያሳ ድረስ የሚወጣ ሰው አይገኝም፤ እዚያው የተከፈተ ሱቅ ጥቂት ተወዳዳሪ ይኖረዋል፣ የመለዋወጫ ፍለጋው ምልልስ ግን የባለሙያው ዕዳ ይሆናል።

የንግድ ምዝገባውን፣ የንግድ ፈቃዱንና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን ሳይጨርሱ የመጀመሪያውን ዕቃ አይቀበሉ። በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት ፈቃድ ያለ ቅጣት የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው። ብዙ ባለሙያ ቀኑን እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ይጎትተውና የጥምቀት ሥራ በሚመጣበት ሰሞን ወረፋ ላይ ይቆማል። እኔ ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ ደንበኛ በሚያስቀርበት ሳምንት፣ ጨርሼ እገላገለዋለሁ።

ስለ መሣሪያ ብዙ አልልም፤ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ቴስተርና መበየጃ የሌለው ሰው ይህን አያነብም። ሁለት ነገር ግን አደራ እላለሁ። አንደኛው፣ የመሞከሪያው ጠረጴዛ ከሱቁ መብራት የተለየ የራሱ ብሬከርና 30 ሚሊ አምፔር ላይ የሚቆርጥ የንዝረት መከላከያ ይኑረው። ሁለተኛው፣ 100 ዋት አምፖል በሴሪ የገባበት፣ ማለትም ኮረንቲው በአምፖሉ በኩል አልፎ ወደ ዕቃው የሚደርስበት፣ መሞከሪያ ሶኬት ያዘጋጁ። ውስጡ ሾርት ያለበት ዕቃ እዚህ ላይ ሲሰካ አምፖሉ በሙሉ ብርሃኑ ይበራል እንጂ ብሬከር አይወድቅም፣ ደንበኛም አይደነግጥም። ለካውያ፣ ለማፍያና ለምጣድ ግን ይህ አምፖል አይፈርድም። ጤነኛው ሬዚስታንስም (የሚሞቀው ሽቦ) አምፖሉን ቦግ አድርጎ ስለሚያበራው እነዚህን አስቀድመው በቴስተር ይለኩ።

2. ዕቃ መረከብ

ደንበኛ ሲገባ መጀመሪያ ይስሙት። «ተበላሸ» የሚለውን ብቻ ይዘው ወደ ካቻቪቴው አይሂዱ። መቼ እንደቆመ፣ ሲቆም ምን ይሠራ እንደነበረ፣ ሽታ ወይም ድምፅ እንደነበረው፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ የሆነ እንደሆነ ይጠይቁ። ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚፈልገው ጥያቄ «ከዚህ በፊት ሌላ ሰው ከፍቶታል ወይ?» የሚለው ነው። ይህን በምርመራ ድምፅ የጠየቀ ሰው «ኧረ ማንም አልነካውም» የሚል መልስ ብቻ ያገኛል። «ቀድሞ የተሠራ ነገር ካለ እሱን ሳላፈርስ እንድጀምር ነው» ብለው ቢጠይቁ ግን የጎረቤት ልጅ ከፍቶት እንደነበረ ይነገርዎታል። ባይነገርዎትም የብሎኖቹን ራስ ይዩ፤ የተላጠ ራስ ያለው ብሎን ከዚህ በፊት ሌላ ካቻቪቴ አይቷል።

ቀጥሎ ዕቃውን በደንበኛው ፊት ይሞክሩት። በቴስተር ስፒናውን ለክተው ሾርት አለመኖሩን ካረጋገጡ በኋላ በመሞከሪያው ጠረጴዛ ላይ አምፖል በሌለበት ተራ ሶኬት ይሰኩትና ሁለታችሁም የምታዩትን ይናገሩ። «አይሞቅም» ተብሎ የመጣ ካውያ ሱቅ ውስጥ ሲሰካ የሚሞቅበት ቀን ጥቂት አይደለም፤ ያን ጊዜ ጥፋቱ የቤቱ ሶኬት ወይም ማከፋፈያው መሆኑን ደንበኛው በዓይኑ ያያል።

ከዚያ ይጻፉ። በካርቦን የሚባዛ ቁጥር ያለው ደብተር ማሳተም ብዙ ወጪ የለውም። በመረከቢያ ወረቀቱ ላይ ቀኑ፣ የደንበኛው ስምና ስልክ፣ የዕቃው ዓይነት፣ ማርኩና በጀርባው የተለጠፈው መለያ ቁጥር፣ አብረውት የመጡ ነገሮች (ገመድ፣ ክዳን፣ የመፍጫ ቢላዋ፣ የፍሪጅ መሳቢያ)፣ በዓይን የሚታይ ጭረት ወይም ስንጥቅ፣ የደንበኛው ቅሬታ በራሱ ቃል፣ የምርመራው ዋጋና ዋጋ የሚነገርበት ቀን ይስፈሩ። ደንበኛው ይፈርም፤ ዋናው ለእሱ፣ ቅጂው ለእርስዎ ይሁን። ያንኑ ቁጥር በወረቀት ፕላስተር ጽፈው ዕቃው ላይ ይለጥፉ፤ ብሎኖቹ የሚቀመጡበት ቆርቆሮ ላይም እንዲሁ።

ይህን ሁሉ ከልምድ ሳይሆን ከኪሳራ ነው የተማርሁት። አንድ ጊዜ «አይቀዘቅዝም» ተብሎ የመጣ ፍሪጅ ከባጃጅ አውርደን፣ በሩን እንኳ ሳልከፍት ስልክ ቁጥር ብቻ ይዤ ተቀበልሁ። ጥፋቱ የኮምፕሬሰሩ ሪሌ (ሞተሩን የሚያስነሣው ክፍል) ነበርና በግማሽ ሰዓት ለወጥሁት። ባለቤቲቱ ሊረከቡ መጥተው በሩን ሲከፍቱ የታችኛው የመስተዋት መደርደሪያ ከጥግ እስከ ጥግ ተሰንጥቋል። «ስሰጥህ ደህና ነበር» አሉ። እኔ አልነካሁትም፤ እሳቸውም የሚዋሹ ሴት አልነበሩም። ምናልባት ባጃጁ ላይ ሲንገጫገጭ ይሆናል፤ ምናልባት አንድ ወር ቀድሞ፣ የሾርባ ድስት ሲያርፍበት ይሆናል። ሁለታችንም ማወቅ የምንችልበትን ሰዓት ያሳለፍሁት እኔ ነኝና ከጥገናው ዋጋ የሚበልጥ የመስተዋት ዋጋ ከኪሴ ከፈልሁ። ከዚያ ወዲህ ፍሪጅ ሲገባ በሩ ይከፈታል፣ ሦስት ፎቶ በስልክ ይነሣል፣ ፎቶው ላይ የወረቀቱ ቁጥር ይታያል።

አንድ ነገር ልጨምር። በእኛ አገር ብዙ ጊዜ ዕቃውን የሚያመጣው ልጅ ወይም የቤት ሠራተኛ፣ የምትጠቀምበት እናት፣ የሚከፍለው ደግሞ አባት ነው። ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ስልክ የአምጪው ብቻ ከሆነ ዋጋ በተነገረ ቁጥር «እጠይቃለሁ» እየተባለ ሳምንት ያልፋል። ስለዚህ «ዋጋ ለማን ልንገር?» ብለው ይጠይቁና የዚያን ሰው ስልክ ለብቻው ይጻፉ።

3. ምርመራና ዋጋ

ደንበኛ ጠረጴዛው ላይ ዕቃውን ሳያሳርፍ «ስንት ነው?» ይላል። እዚህ ላይ የሚሰጥ የግምት ዋጋ በኋላ እንደ ውል ይቆጠራልና አይስጡ። እኔ ለእናቶች የምለው ይህን ነው፦ «እማማ፣ ሳልከፍተው ዋጋ ብነግርዎት ልዋሽዎት ነው። ለማየት ይህን ያህል ይከፍላሉ። ነገ እስከ 9 ሰዓት ደውዬ ዋጋውን እነግርዎታለሁ፤ ይሠራ ካሉኝ የማያው ከጥገናው ላይ ይታሰብልዎታል፤ ይቅር ካሉኝም ገጥሜ እመልስልዎታለሁ።» ይህን ሰምቶ የሚቆጣ ደንበኛ እስካሁን አላጋጠመኝም። የሚያስቆጣው ሳይነገር የቆየ የማያ ዋጋ ነው። የማያና የተለመዱ ሥራዎች ዋጋ በትልልቅ ፊደል ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ የአገልግሎት ዋጋን በሚታይ ቦታ ማመልከት በሸማቾች ጥበቃ ሕግም ከነጋዴ የሚጠበቅ ግዴታ ነው።

የእጅ ዋጋዎን በጎረቤት ሱቅ ልክ ሳይሆን በራስዎ ወጪ ያሰሉ። ለምሳሌ ኪራይ፣ መብራት፣ የረዳት ደመወዝና የራስዎ ኑሮ ተደምሮ በወር 18,000 ብር ቢሆን፣ በወር 25 ቀን በቀን 6 ሰዓት ያህል በእርግጥ ዕቃ ላይ ቢሠሩ፣ 150 ሰዓት ይሆናል፤ አንድ ሰዓት 120 ብር ካላስገባ ሱቁ በቁሙ ይበላዎታል ማለት ነው። ይህ ትርፍ የሌለበት ልክ ነው። የመለዋወጫው ዋጋ ለብቻው፣ የእጅ ዋጋው ለብቻው ይጻፍ። ሁለቱን አደባልቆ አንድ ቁጥር የሚናገር ባለሙያ፣ ደንበኛው የመለዋወጫውን ዋጋ ሌላ ሱቅ ጠይቆ የመጣ ዕለት ሌባ ይባላል።

ጠቅላላው ዋጋ አዲሱን ዕቃ ከመግዣው ግማሽ ካለፈ፣ ሳይጠየቁ ይህንኑ ይናገሩ። በርካሽ የውሃ ማፍያና ብሌንደር ላይ ይህ በየሳምንቱ ያጋጥማል። ሥራው ያመልጣል፤ ያ ሰው ግን ፍሪጁ ሲቆም የሚያስታውሰው «አይጠቅምዎትም» ያለውን ሱቅ ነው። ዋጋውን ነግረው «ይሠራ» ሲባሉ ሰዓቱን በቅጂው ላይ ይጻፉ፤ ከተቻለ ፈቃዱን በአጭር መልእክት ያስልኩ። ጥገናው ላይ እያሉ ሌላ ጉዳት ካገኙ እጅዎን አንሥተው እንደገና ይደውሉ።

4. ምጣድ

በጎንደር የጥገና ሱቅን አቁሞ የሚያሳድረው የእንጀራ ምጣድ ነውና ለብቻው ልየው። የተለመደው የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። ይህ በ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፔር ያህል ነው፤ ተራ የግድግዳ ሶኬትም የሚችለው ከፍተኛው ልክ 16 አምፔር ነው። ስለዚህ ምጣድ በተጋገረ ቁጥር ስፒናው፣ ሶኬቱና ገመዱ ለሁለት ሰዓት ያህል በአቅማቸው ጠርዝ ላይ ይቆያሉ።

መጀመሪያ በቴስተር ሁለቱን የስፒና እግሮች ይለኩ። 14 ኦም አካባቢ ካሳየ ሽቦው ደህና ነው፤ ምንም ካላሳየ ሽቦው ወይም ገመዱ ተበጥሷል። ሽቦው ደህና ሆኖ ምጣዱ ካልሞቀ ስፒናውን ይመርምሩ። ከሁለቱ እግሮች አንደኛው ጠቁሮ ሌላኛው እንደ አዲስ ቢጫ ከሆነ፣ ስፒናውን ከፍተው የጠቆረውን እግር ብሎን ይዩ። ብሎኑ ልል ከሆነ ጥፋቱ እዚያው ነው። ብሎኑ ጥብቅ ከሆነ ግን የላላው በደንበኛዋ ቤት ያለው ሶኬት ነው፤ አዲስ ስፒና ገጥመው ቢሸኙ በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደገና ተቃጥሎ ይመለስና «አርቲፊሻል ስፒና ገጠመልኝ» ይባላሉ። ይህን የጠቆረ እግር ለደንበኛዋ በእጃቸው ይስጡ፣ «እትዬ፣ ይህ ሶኬትዎ ነው የሚናገረው» ይበሉ፤ ሶኬቱ ካልተለወጠ ለስፒናው ዋስትና እንደሌለ በወረቀቱ ላይ ይጻፉ። ምጣድ በማከፋፈያ ላይ እንደማይሰካም አብረው ይንገሩ።

ሽቦው የተበጠሰ ከሆነ ቆርጦ በመጠምጠም ማገናኘት የሚፈትን አቋራጭ ነው፤ እኔ አልመክረውም። የተቃጠለው ጫፍ ዝገት ስላለው መጋጠሚያው ብቻውን ይግላል፤ በተጨማሪም ከሽቦው አንድ አሥረኛው ቢቀነስ የሚስበው ኃይል ከ10 በመቶ በላይ ይጨምራል፣ ያም ቀድሞውኑ በጠርዝ ላይ ላለው ስፒና መርዶ ነው። ደንበኛዋ ለዛሬ ብቻ ብለው ከለመኑ፣ ጊዜያዊ መሆኑንና ዋስትና እንደሌለው ጽፈው ይሥሩላቸው።

አዲስ ሽቦ ሲገባ እንዲህ ይደረጋል። የድሮውን ጀሶ ሸክላውን ሳይጭሩ ያነሣሉ። በቦዩ ውስጥ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሲባጎ ይዘረጋሉና ርዝመቱን ይለካሉ። አዲሱን ጥምጥም ሽቦ በሁለት ምስማር መካከል፣ ጠረጴዛ ላይ፣ እኩል ክፍተት እንዲኖረው አድርገው በዚያ ርዝመት ይስባሉ። ሽቦውን ቦዩ ውስጥ እያስገቡ በእጅ እየጎተቱ የሚሠሩ አሉ፤ ያን ጊዜ አንዱ ጎን ይጠጋጋል፣ ሌላው ይሳሳል፣ እንጀራው በአንድ በኩል እያረረ በሌላው ዓይን ሳያወጣ ይቀራል። ቀጥሎ አዲስ ጀሶ ይሞላሉ፤ ጀሶው ፀሐይ ላይ በደንብ ይድረቅ። ከዚያ ለ5 ደቂቃ ሰክተው ለ10 ደቂቃ እየነቀሉ እርጥበቱን ያውጡ። እርጥብ ጀሶ ኮረንቲ ያሳልፋልና ያልደረቀ ምጣድ ይነዝራል። በመጨረሻ በሜገር (ኮረንቲ ማምለጥ አለማምለጡን በሚለካው መሣሪያ)፣ በሽቦውና በውጭው ቆርቆሮ መካከል ቢያንስ 1 ሜጋ ኦም ማግኘትዎን ያረጋግጡ፤ የግራውንዱ ገመድ ቆርቆሮው ላይ መታሰሩንም አይርሱ። የደንበኛው ቤት ግራውንድ ከሌለው ይህን መናገር የእርስዎ ድርሻ ነው።

ሙቀቱ እኩል መሆኑን ለማየት ጣትዎን ውሃ ነክረው መሀሉ ላይና አራት ጠርዝ ላይ ጠብ ያድርጉ፤ ጠብታው በሁሉም ቦታ በአንድ ዓይነት ፍጥነት ዘሎ መጥፋት አለበት። ምጣዱን ግን አያሰሱት። ማሟሸትና ማሰስ የባለቤቲቱ ሥራ ነው፤ በሌላ ሰው ዘይት የተነካ ምጣድ እንጀራ ያዘባቸው ዕለት ጥፋተኛው ማን እንደሚሆን የታወቀ ነው።

5. ሌሎች ዕቃዎች

የልብስ ማጠቢያ ማሽን «ውሃ አያስገባም» ተብሎ ሲጠሩ፣ ከመሄድዎ በፊት ውሃው ከቧንቧ ይሁን ከሮቶ በስልክ ይጠይቁ። በጎንደር ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ብዙ ቤት በሮቶ ይኖራል። ውሃ ከማሽኑ በላይ በእያንዳንዱ 1 ሜትር ከፍታ የሚሰጠው ግፊት 0.1 ባር ያህል ብቻ ነው፤ በርካታ ማሽኖች ደግሞ ቢያንስ 0.3 ወይም 0.5 ባር ይፈልጋሉ። ሮቶው መሬት ላይ ከተቀመጠ ማሽኑ ጤነኛ ሆኖም አይሞላም። ሁለተኛው ምክንያት በውሃ መግቢያው ላይ ያለችው ትንሿ ወንፊት በደለል መደፈኗ ነው፤ በፒንሳ ስቦ አውጥቶ በጥርስ ብሩሽ ማጠብ ይበቃል። እዚህ ላይ ከደንበኛ ጋር የሚያጋጭ ነገር አለ፦ «ምንም ሳትለውጥ ምን ያስከፍላል?» ይባላሉ። የቤት ድረስ ዋጋው ለመምጣትና ለማወቅ እንጂ ለመለዋወጫ እንዳልሆነ ከመነሣትዎ በፊት በስልክ ካልተናገሩት፣ ደርሰው መናገሩ ዋጋ የለውም።

ፍሪጅ ሲጓጓዝ ቆሞ ይሁን፤ ተኝቶ ከመጣ ዘይቱ ወደ ኮምፕሬሰሩ እስኪመለስ ለሰዓታት ቆሞ ይቆይ እንጂ ወዲያው አይሰካ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ደንበኛው ቢያንስ 5 ደቂቃ እንዲጠብቅ ወይም የሚያዘገይ ፍሪጅ ጋርድ እንዲገጥም ይምከሩ፤ ግፊቱ ሳይመጣጠን የሚነሣ ኮምፕሬሰር ሪሌውን ያቃጥላል። ጋዝ ከመንካትዎ በፊት በጀርባው የተለጠፈውን ያንብቡ። አር 600ኤ የተባለው ጋዝ ይቀጣጠላል፤ ቧንቧው ባዶ መሆኑ ሳይረጋገጥ እሳት የሚያስጠጋ ሰው ሱቁን አብሮ ያቃጥላል። ማይክሮዌቭን ያልሠለጠነበት ሰው ባይከፍተው ይሻላል፤ ውስጡ ያለው ካፓሲተር ከ2,000 ቮልት በላይ ይዞ፣ ስፒናው ከተነቀለ በኋላም ሊመታ ይችላል።

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ተራዋ የውሃ ማፍያ የምትጠፋው በእንፋሎቱ ስለሆነ አይነካትም። የሆቴል ትልልቅ የሻይ ማፍያ ግን ቴርሞስታቱ 95 ወይም 100 ዲግሪ ላይ ከተደረገ እዚህ ከቶውንም አይጠፋም፣ ውሃው አልቆ ሬዚስታንሱ ይቃጠላል። ሬዚስታንስ ቀይረው ቴርሞስታቱን ዝቅ ሳያደርጉ ከሸኙ በወሩ ይመለሳል።

ብሌንደርና የቡና መፍጫ በአብዛኛው የሚቆሙት ካርቦናቸው (ለሞተሩ ኮረንቲ የሚያደርሰው ብሩሽ) አልቆ ወይም በርበሬ ሲፈጭባቸው ሞተሩ ግሎ ነው። ካርቦኑን ይለውጡ፤ ከ1 ደቂቃ በላይ ሳያሳርፉ እንዳያስኬዱት ለባለቤቱ ይንገሩ።

6. ቀጠሮ

ደንበኛ ከሚጠላቸው ቃላት ሁሉ «ነገ ና» የሚለውን የሚያህል የለም። ቀጠሮ ሲሰጡ ሥራው ከሚፈጅብዎ ጊዜ ላይ መለዋወጫው የሚመጣበትን ይደምሩ። ጎንደር ያልተገኘ ዕቃ ከመርካቶ ነው የሚመጣው፤ መንገዱ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነውና «ከነገ ወዲያ» ብሎ መቅጠር ራስን ማሳጣት ነው። ሊዘገይ መሆኑን ባወቁበት ሰዓት፣ ቀጠሮው ሳይደርስ፣ ይደውሉ። ቀጠሮው ካለፈ በኋላ የሚደወል ስልክ ምክንያት እንጂ ማሳወቂያ አይባልም።

ቅዳሜ ከገጠር ለገበያ የሚመጣ ሰው ማታ ስለሚመለስ ዕቃውን በዕለቱ ካልወሰደ እስከ ሌላው ቅዳሜ አያገኘውም። ስለዚህ ቅዳሜን ለቀላልና ለፈጣን ሥራ ትቼ ኮምፕሬሰር የመሳሰለውን ለማክሰኞና ረቡዕ አዛውራለሁ። ጥር ሲገባ ደግሞ ሌላ ስሌት አለ። ከተራና ጥምቀት ጥር 10 እና 11 ናቸው፤ እንግዳ የሚቀበሉ ሆቴሎችና ቤቶች ሁሉ ፍሪጅና የውሃ ማሞቂያ በአንድ ሳምንት ያመጣሉ፣ ሰርጉም ይደረባል። ከጥር 5 በኋላ የሚመጣ ከባድ ሥራ ከበዓሉ በኋላ እንደሚደርስ በግልጽ ተናግሬ እቀበላለሁ። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ውስጥ የፍሪጅ ሥራ ቀዝቀዝ ስለሚል መለዋወጫ የማሟላበት ጊዜዬ እሱ ነው፤ የፋሲካ ሰሞን ሥራው በአንዴ ይመጣልና።

7. ማስረከብ፣ ክፍያና ዋስትና

ዕቃው ሳይሞከር አይሰጥ። ደንበኛው ቆሞ እያየ ይሰኩት፣ ይሞቅ ወይም ይዙር፣ ከዚያ ወረቀቱን ተቀብለው «ተረክቤአለሁ» ብሎ ይፈርም። የተለወጠውን አሮጌ ዕቃ በፌስታል አድርገው ይስጡት፤ ቢጥለውም የእሱ ነው። ደረሰኝ ይቁረጡ። ዋስትናውን በአፍ ሳይሆን በደረሰኙ ጀርባ ይጻፉ፦ የተለወጠው ዕቃና የእጅ ሥራው ለ30 ቀን፤ በውሃ መግባት፣ በመውደቅ፣ በመብራት መዋዠቅና በሌላ ሰው መከፈት ለደረሰ ጉዳት አይሠራም።

በቴሌብር ወይም በባንክ የሚከፈል ከሆነ በደንበኛው ስልክ ላይ በሚታይ ምስል አይመኑ። ገንዘቡ መግባቱን በራስዎ ስልክ በደረሰው መልእክት ወይም በሒሳብዎ ያረጋግጡ። ኔትወርክ ዘግይቶ ከሆነ «ጋሼ፣ መልእክቱ እስኪገባ አንድ ቡና ይጠጡ» ማለት ይቻላል፤ ሰው ሳይሰደብ ጊዜ ይገዛል።

ዱቤ የማይቀርበት ሰፈር ነው። ለጎረቤት እምቢ ማለት ካልቻሉ የመለዋወጫውን ዋጋ በእጅ ይቀበሉና የእጅ ዋጋውን ብቻ ያቆዩ፤ ቢጠፋም የጠፋው ድካም ይሆናል እንጂ ከነጋዴ የተበደሩት ብር አይሆንም።

8. ተቆጥቶ የተመለሰ ደንበኛ

የተሠራ ዕቃ እንደገና ቆሞ ሲመለስ ደንበኛው ገና በር ላይ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ሌላ ሰው ሱቅ ውስጥ ካለ ይበልጥ። ወንበር ይስጡት። አይከራከሩ፣ «በደንብ ሠርቼው ነበር» አይበሉ። ወረቀቱን አውጥተው የተሠራውን ያንብቡለትና እፊቱ ይክፈቱት። የቆመው ያው የተጠገነው ከሆነ ያለ ክፍያና ያለ ወረፋ ይሥሩት፣ የባጃጁንም ይክፈሉ። ሌላ ነገር ከሆነ ደግሞ በእጁ ያስይዙትና ሁለቱ ምን እንደሚለያዩ ያሳዩት፤ ከዚያ አዲስ ወረቀት ይቁረጡ። ወረቀቱ ላይ ያልተጻፈ ነገር ላይ ጥርጣሬ ከተነሣ እኔ ለደንበኛው እፈርዳለሁ፤ መጻፍ የነበረብኝ እኔ ነበርሁና።

ተሠርቶ የማይወሰድ ዕቃ ሌላው ፈተና ነው። በመረከቢያው ወረቀት ላይ ዕቃው ስንት ቀን ያለ ማቆያ ክፍያ እንደሚቆይ ይጻፉ፤ እኔ 60 ቀን ጽፌአለሁ። በየ20 ቀኑ ይደውሉና ቀኑን በቅጂው ላይ ያስፍሩ። ጊዜው አልፏል ብለው ግን በራስዎ ሥልጣን አይሽጡት፣ ለመለዋወጫም አይፍቱት። ሕግ የሚያውቅ ሰው ያማክሩ፤ እስከዚያው ቁጥሩን አንጠልጥለው በላይኛው መደርደሪያ ያቆዩት። ከዓመት በኋላ ሐዘን ላይ ከርመው ወረቀታቸውን ይዘው የመጡ ሰው አይቻለሁ፤ ማፍያቸው አቧራ ብቻ ለብሳ ጠበቀቻቸው።

9. የቀኑ መዝጊያ

ማታ ገቢና ወጪውን በአንድ ደብተር ላይ ይመዝግቡ፤ የግብር ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነውና ደብተሩም ሐምሌ 1 ይጀምር። የሱቁን ገንዘብ ከቤት ገንዘብ ይለዩ። የመሞከሪያውን ብሬከር ያውርዱ፣ መበየጃው ከሶኬት መነቀሉን በዓይንዎ ያረጋግጡ፣ የነገ ቀጠሮ ያላቸውን ቁጥሮች በትንሽ ወረቀት ጽፈው ጠዋት መጀመሪያ በሚያዩት ቦታ፣ ከስልክ ቁጥራቸው ጋር፣ ጠረጴዛው ላይ ይተዉ።